ከዕቃው ውስጥ የጎደለው ሲባጎ

ነሃለም፣ ኦሪገን
ማርች 3

ለእህቴ ልጅ ለሎዌል፣

ይህች ወረቀት በጤና ታግኝህ። የእናትህ አምላክ በኖርዌይ ውርጭም ውስጥ ቢሆን አይለይህ። እኔ አለሁ። ሐኪሞች ቀኝ ትከሻዬን ከቀደዱልኝ ወዲህ ጠርሙስ መክፈት ችያለሁ፤ ባልዲ ማንሳት ግን ገና ነው። ዝናቡን ታውቀዋለህ። ከኖቬምበር ጀምሮ ጃኬቴ አልደረቀም።

የምጽፍልህ ምክር ፈልጌ ነው። ጀልባዋን ባለፈው መኸር ሸጥኳት። ሞተሩን ማንሳት አቅቶኝ በየቀኑ እያየኋት ከምበሳጭ ብዬ ነው። አሁን የቀረኝ አንተ ትተኸው የሄድከው ቢጫ ካያክ፣ ያ የአንድ ሰው ጠባብ ታንኳ ብቻ ነው። ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር አውርጄ አጠብኩት። ሸረሪቷ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእኔ የተሻለ ቤት ሠርታበታለች።

ሎዌል፣ ሸርጣን ማጥመድ አምሮኛል። ሳቅ ከፈለግህ ሳቅ፤ በሰባ ሁለት ዓመቴ እንደ ዳክዬ ውሃ ላይ ልቀመጥ ነው። የድሮዎቹ የብረት ወጥመዶቼ ከባድ ናቸው፤ አንዱን ካያኩ ላይ ብጭን አብረን ነው ወደ ታች የምንወርደው። አንተ በወጣትነትህ ቱሪስት በካያክ ትመራ ነበር። ቀለል ያለ ዕቃ ምረጥልኝ፦ ምን ዓይነት ወጥመድ፣ ምን ዓይነት ገመድ፣ ወጥመዱ ያለበትን የሚያመለክት ምን ያህል ተንሳፋፊ። እዚህ የሚጠየቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። የምጠይቀው ሰው ሁሉ ግን ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል።

ያ ወጥመድ በበርናዲን የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ ከገንዘብ መቀበያው በላይ አሁንም ተሰቅሏል። ተንሳፋፊው ላይ ስሜ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ወጥመድ ውሃ ውስጥ አልጣልኩም። ይህን ታውቃለህ።

ሳትዘገይ መልስልኝ።

አጎትህ

ኦሌሱንድ፣ ኖርዌይ
ማርች 24

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ጽሕፈትዎን ሳይ የቀኑ ድካም ለቀቀኝ። ጌታ ትከሻዎን ይጠግንልዎ፣ ጃኬትዎንም ያድርቅልዎ። እኔ ደህና ነኝ። የመርከብ ሞተር ጥገናው እንደዚያው ነው፤ እጄ ከዘይት አይጠራም።

በካያክ ለመውጣት ማሰብዎ አላሳቀኝም፤ ደስ አለኝ እንጂ። ብዙ አሰብኩበት። እኔን ቢሰሙኝ የቀለበት መረብ ይሻልዎታል። ሁለት ቀለበት፣ በመሃላቸው መረብ ነው፤ ታች ሲያርፍ ይዘረጋል፣ ሲስቡት እንደ ቅርጫት ይሰበሰባል። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ሁለቱን ደራርበው ከመቀመጫዎ ኋላ ማሰር ይችላሉ። በር የለው፣ መቆለፊያ የለው፣ የሚቋጠር ነገር የለው። ቢጠፋብዎት እንኳ ክፍት ስለሆነ ማንንም አይጎዳም።

ገመዱ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ዓይነት ይሁን። የሚንሳፈፈው መቅዘፊያ ላይ ይጠመጠማል። በጣም ቀጭኑ ደግሞ መዳፍ ይቆርጣል፤ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ይበቃዋል። ለእኛ ሰላጤ ሃያ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ገመዱን በምንም ምክንያት ከካያኩ ጋር እንዳያስሩት። እኔ ለእርስዎ ይህን መንገሬ ልጅ ለእናቷ ምጥ እንደማስተማር ነው፤ ግን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የነፍስ አድን ጃኬቱን ይልበሱ። ሌላ የሚያስፈልግዎ ካለ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ሎዌል

ነሃለም
ኤፕሪል 11

ለሎዌል፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ዘይቱም ከእጅህ ይልቀቅልህ። እዚህ ከዝናቡ በቀር ሁሉ ደህና ነው።

ምክርህን ሁለቴ አነበብኩት። የገመዱን ተቀብያለሁ፤ የቀለበቱን አልቀበልም። ቀለበት እኮ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሳበው። መሃል ላይ ልረፍ ካልክ ሸርጣኑ በጠርዙ ወጥቶ ደህና ዋል ይልሃል። እኔ ባለ አንድ ትከሻ ሽማግሌ ነኝ፤ ሦስቴ ስቤ አንዴ መተንፈስ አለብኝ። ስለዚህ የሚዘጋ ወጥመድ ነው የሚሆነኝ። የገባው አይወጣም፣ እኔም እንደ አቅሜ እጎትታለሁ። ሰባት ክረምት ከእኔ ጋር የወጣህ ልጅ ይህን ትረሳለህ ብዬ አልገመትኩም። ከሚዘጋ ወጥመድ የምትሸሽበት ምክንያት ካለህ ጻፍልኝ።

ስለ ግድግዳውም አንዲት ቃል አልጻፍክም። ይሁን፣ እኔው ልጻፈው። ድሮ በዚህ ሰላጤ ዙሪያ "አባ ሲባጎ" ይሉኝ ነበር። አዲስ ሰው ወጥመድ ይዞ ካየሁ ሄጄ "በሩን በጥጥ ሲባጎ አስረሃል?" እለዋለሁ። ወጥመዱ ቢጠፋ ጥጡ በጥቂት ወር ውስጥ ይበሰብሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ የታሰረው ይወጣል። በናይለን የታሰረ ከሆነ ግን የጠፋው ወጥመድ ለዓመታት ይገድላል፤ የሞተው ሸርጣን ለሚቀጥለው ማባበያ ይሆናል። ይህን በመስበክ ሰው አሰልችቼ ነበር። አንዳንዱ ሲያየኝ መኪናው ውስጥ ይደበቅ ነበር።

ከዚያ አንተ በሄድክ በስምንተኛው ወር ማዕበል አንድ ወጥመድ ዳር ላይ ጣለ። ውስጡ ሠላሳ አንድ ሸርጣን አለ፤ ገሚሱ ባዶ ቅርፊት ነው። በሩ በአረንጓዴ ናይለን ታስሯል። ተንሳፋፊው ላይ "ዋይኖ ላህቲ" ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት። በርናዲን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብላ ሰቀለችው። አልተከራከርኳትም።

አዲሱን ተንሳፋፊ ስትልክ ባዶውን ላከው። የባለቤቱ ስም እንዲጻፍበት ሕግ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ምን እንደምጽፍበት ገና አልወሰንኩም።

በቤተ ክርስቲያን ስምህን አንስተን ጸልየናል።

አጎትህ

ኦሌሱንድ
ሜይ 2

ለማከብርዎ አጎቴ፣

የጤናና የሰላም ምኞቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስዎ። ስለ ጸሎቱ አመሰግናለሁ፤ የሚገባኝ ባይሆንም።

ልክ ነዎት፣ ትከሻዎን አላሰብኩትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚታጠፍ ወጥመድ መርጫለሁ፤ ፖርትላንድ ያለ ሱቅ በቀጥታ ቤትዎ ያደርስልዎታል። ታጥፎ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲዘረጋ ሳጥን ይሆናል፤ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው። ቀላልነቱ ግን መዘዝ አለው። የባሕሩ ሙላት ተመልሶ ሲሸሽ ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ የአሮጌ ሰንሰለት ቁራጭ ይሰሩበት። ከአንድ ትልቅ ተንሳፋፊ ይልቅ ሁለት ትንንሽ ልኬያለሁ፤ ቦታ አይፈጁም። ወጥመዱን የፕላስቲክ የወተት ሳጥን ውስጥ አድርገው ከኋላዎ ይሰሩት። የያዙትን ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይክተቱ። ክዳኑን አደራ፤ ሸርጣኑ ካመለጠ ካያክ ላይ እግር የሚሸሽበት ቦታ የለም። ለማባበያ የዶሮ ታፋ ይሻላል፣ የዓሣ ጭንቅላት ካደረጉ ያ ጢማም የባሕር እንስሳ፣ አቆስጣው፣ ወጥመዱን ገልብጦ ይሰርቅዎታል። የሸርጣኑን የመጠን መለኪያም ጨምሬያለሁ።

የባሕሩ ሙላት ሊያበቃ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይውጡ፤ ውሃው ቆሞ ሳለ ይሳቡ፤ መሸሽ ሳይጀምር ይመለሱ። ወደ ሰላጤው አፍ ዝር እንዳይሉ።

ተንሳፋፊዎቹ እንዳሉት ባዶ ናቸው። ለበሩ ማሰሪያ የሚሆን ነገር እዚያው አያጡም ብዬ አልላክሁም።

ስለዚያ ወጥመድ የጻፉትን አነበብኩ። ምን እንደምል አላውቅም። በጣም ያሳዝናል።

አክባሪዎ
ሎዌል

ነሃለም
ሜይ 24

ለሎዌል፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ እርጥብ ብሆንም። ላደረግህልኝ ሁሉ እግዚአብሔር በብዙ ይክፈልህ። ዕቃው ደርሷል። ወጥመዱን ሳሎን ውስጥ አሥር ጊዜ ዘረጋሁት፣ አሥር ጊዜ አጠፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢኖር ወገቤ ዛሬ የሰው ወገብ ይሆን ነበር።

ቅዳሜ ካያኩን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሞከርኩት። መጀመሪያ በግራ ወደቅሁ፣ ቀጥሎ በቀኝ። በሦስተኛው ተቀመጥኩ። በርናዲን ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ሆና ታየኝ ኖሯል።

"ዋይኖ፣ ሙዝ ላይ ተቀምጠህ ወዴት ነው?" አለችኝ።

"ኖርዌይ" አልኳት።

"ምሳ ይዘሃል?"

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ውሃ የተነጋገርነው ይህ ብቻ ነው። ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ወጥመድ፣ ገመድ፣ ሁለት ተንሳፋፊ፣ ባልዲ ከነክዳኑ፣ መለኪያ፤ አንድም አልጎደለም። የጎደለው የጥጥ ሲባጎ ነው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ቀላሉ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባው፣ እሱ ቀረ። እዚያው አያጡም አልከኝ። አዎ፣ የበርናዲን ሱቅ ሞልቷል። በዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ "የጥጥ ሲባጎ ስጪኝ" የምል ይመስልሃል? ሲባጎው ካንተ እንዲመጣ ነበር የፈለግሁት።

ሌላም ወሬ አለ። በርናዲን ሱቁን ኦገስት መጨረሻ ላይ ልትዘጋ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏታል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ ብላለች። የእኔንም ልትመልስልኝ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ እንዲሁ ይዘጋል፤ ሰዎች እንደሚያውቁት ሆኖ ይቀራል።

ተንሳፋፊዎቹ ባዷቸውን መስኮቱ ላይ ተቀምጠዋል። የማንን ስም ልጻፍባቸው? ይህን ጥያቄ አስበህ መልስልኝ።

አጎትህ

ነሃለም
ጁላይ 6

ለሎዌል፣

ስድስት ሳምንት ሆነ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ገና በሩን ስከፍት ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። ታመህ ከሆነ ጌታ ይማርህ። ተቀይመኸኝ ከሆነም ንገረኝ።

ካያኩ ሣር ላይ ነው። ወጥመዱ ታጥፎ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እያየሁት ቁርስ እበላለሁ። ሲባጎውን ተወው፣ አልፈልግም። ደብዳቤ ብቻ ላክልኝ።

አጎትህ

ኦሌሱንድ
ጁላይ 19

አጎቴ፣

ዛሬ ሰላምታ ለማስቀደም ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩም። ከአንድ ወር በላይ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ስቀድድ ነበር።

አረንጓዴውን ናይለን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ጸደይ ጥጡ አስቸግሮን ነበር፤ በሳምንት ሁለቴ ተበጥሶ በሩ ተከፈተብን፣ የያዝነው ሁሉ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ የሸርጣን እራት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ወጥመዶቹን ሳሰናዳ ሲባጎው አለቀብኝ። ከሽንኩርት ከረጢት አፍ ላይ ያንን ናይለን ፈትቼ የአንዱን በር አሰርኩበት። ሲመለስ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው። አልተመለሰም። ግንድ ይሁን ጀልባ ተንሳፋፊውን ጎትቶት ሄደ። እርስዎ ሁለት ቀን ፈለጉት፤ እኔ አብሬዎት ስፈልግ በሩ በምን እንደታሰረ አውቅ ነበር፣ አልተናገርኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመርከቡ ሥራ ተገኘና መጣሁ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ይህ አይደለም። ወጥመዱ የተገኘ ጊዜ ስልክ ደወሉልኝ። ሠላሳ አንድ ሸርጣን አሉኝ። አረንጓዴ ናይለን አሉኝ። እኔም "ማን ሊሆን ይችላል?" ብዬ ጠየቅኩዎት። "የኔ እጅ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል" አሉኝ። ያን ጊዜ እንዳወቁብኝ ገባኝ። ጥፋቴን ተሸከሙልኝ፣ እኔም አሸከምኩዎት። የእርስዎ ስም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እኔ እዚህ ሰላማዊ ሰው መስዬ ሞተር ስጠግን ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። የቀለበት መረብ ይሻላል ያልኩዎትም ለትከሻዎ ብዬ አልነበረም፤ በር የሌለው ነገር ፈልጌ ነው። ሲባጎውን አራት ጊዜ ከዕቃው ጋር ላዝዘው ብዬ አራት ጊዜ ሰረዝኩት። አፈርኩ፣ አጎቴ።

ከዚህ ጋር ለበርናዲን የጻፍኩት ወረቀት አለ። ያደረግሁትን ሁሉ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሱቁ ሳይዘጋ ከወጥመዱ አጠገብ ትለጥፈው። ስምዎን ከዚያ ያውርዱልኝ፣ የእኔን ይስቀሉ። ተንሳፋፊው ላይ የማን ስም ይጻፍ ላሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ የእርስዎን ስም ያለ ሐፍረት ይጻፉበት።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፌ አይደፍርም።

ሎዌል

ነሃለም
ኦገስት 10

ለልጄ ለሎዌል፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ይቅር ብዬሃለሁ። መጀመሪያ ይህን የጻፍኩት የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትረሳው ነው።

ቋጠሮው ያንተ መሆኑን ያየሁት ወጥመዱ ዳር ሲወጣ አይደለም። ግራኝ ስለሆንክ ቋጠሮህ ከሩቅ ይታወቃል። ያየሁት ወጥመዱን ውሃ ውስጥ በጣልንበት ዕለት ጠዋት፣ ጀልባዋ ላይ ማባበያ ስከት ነው። አረንጓዴውን ናይለን በጣቴ ነካሁት። ቢላዋዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጃኬቴ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥቅል የጥጥ ሲባጎ ነበረኝ። ግን ውሃው መሸሽ ጀምሯል፣ ለእራቱ ዘጠና ሸርጣን ቃል ገብቻለሁ፣ ጥጡ አስመርሮኛል። "አንድ ቀን ነው" አልኩና ጣልኩት። እኔ፣ አባ ሲባጎ።

ስለዚህ በስልክ "የኔ እጅ ነው" ስልህ እውነቴን ነበር የነገርኩህ። አንተ ምሕረት አድርገህ ሰማኸው። እንደዚያ እንደሰማኸው አውቄ ዝም አልኩ። ጥፋቴን ትሸከም ዘንድ ተውኩህ፤ ከዚያም አልፌ የልጁን ጥፋት የሸሸገ ደግ ሽማግሌ ሆኜ ራሴን አየሁት። አንዳንድ እሑድ በራሴ ደግነት ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር። ምን ያህል ቀላል እንደነበር ልነግርህ አልችልም። የሚዘጋ ወጥመድ ካልሆነ ብዬ የተከራከርኩህም ለትከሻዬ ብቻ አልነበረም። ሲባጎ ልትልክልኝ ስትል አፍህ ይፈታል ብዬ ነው። አንተን ስፈትን ከረምኩ፤ የራሴን ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ይህኛው ከናይለኑ ይብሳል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ናይለንም አይነቅዝም።

ወረቀትህን ለበርናዲን አልሰጠኋትም። ሐሙስ ዕለት ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ቡና ሲጠጣ ገባሁና በግድግዳው ሥር ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። ያንተን ክፍል አንተ እንደጻፍከው፣ የእኔን ደግሞ ከላይ እንዳነበብከው። ስጨርስ ሰዎቹ ስኒያቸውን ያያሉ። በርናዲን መነጽሯን አወለቀች።

"ዘጠኝ ዓመት፣ ዋይኖ?" አለች። "አፍህንም በናይለን ነው እንዴ ያሰርከው?"

ከመሳቢያው አንድ ጥቅል የጥጥ ሲባጎ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ወጥመዱን ላውርድልህ አለችኝ፤ እስከምትዘጊ ይቆይ አልኳት።

ዓርብ ወጣሁ። ልክ እንዳልከኝ፣ ሙላቱ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ሲቀረው። ሰንሰለቱ ወጥመዱን ያዘው፣ ገመዱ መዳፌን አልቆረጠም። ሦስቴ እየሳብኩ አንዴ እያረፍኩ አወጣሁት። አራት ሸርጣን ነበር፤ ሁለቱ ሴት፣ አንዱ ከልኬቱ ያነሰ፣ እነሱን ሕጉ እንደሚለው መለስኳቸው። አንዱን በላሁ። ባልዲውን ስከፍት ክዳኑ አምልጦኝ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሸርጣኑም እስከ ዳር ድረስ በእግሮቼ መሃል ተጉዟል። ስለ ክዳኑ አደራ ያልከኝን ያን ጊዜ በደንብ አሰብኩበት።

ተንሳፋፊው ላይ ሁለት ስም ጽፌያለሁ፤ የኔን ከላይ፣ ያንተን ከሥር።

በሩን በበርናዲን ጥጥ ነው ያሰርኩት። እስከ ኦክቶበር ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ አዲሱን አንተ ታስረዋለህ። ና።

አጎትህ
ዋይኖ ላህቲ